ዐሥራ ስድስቱን መስመር ወደ አራት ስለ ማውረድ
(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር ለጌም ቦይ የሠራሁትን ትንሽ ጨዋታ ካያችሁት አንዳንዶቻችሁ፣ «ሙዚቃውን ከሚዲ ፋይል ገልብጦ ማስገባት ምን ያስቸግራል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበርና የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሚዲ ድምፅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ይህ ደንብ የሚይዘው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ይኸውም የትኛው ኖታ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ ተመትቶ መቼ እንደሚለቀቅ ነው። ድምፁን የሚያወጣው ትእዛዙን የተቀበለው መሣሪያ ነው። ስለዚህ አንዱ ፋይል በአንዱ ኮምፒዩተር እንደ ኦርኬስትራ፣ በሌላው እንደ በር ደወል ሊሰማ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ያለው አራት የድምፅ መስመር ነው። ሁለቱ የካሬ ሞገድ ያወጣሉ፤ ሦስተኛው ሠሪው ራሱ በ32 ነጥብ የሚስለውን ሞገድ ያጫውታል፤ አራተኛው ለከበሮ የሚሆን ጫጫታ ብቻ ነው። ሚዲ ግን 16 መስመር አለው፤ በእያንዳንዱም ላይ ብዙ ኖታ ባንድነት ሊመታ ይችላል። የጌም ቦይ መስመር በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖታ በላይ አያውቅም።

እኔ የመረጥሁት ፋይል 9 መስመር ነበረው። በመቀየሪያ ፕሮግራም ባሳልፈው የመጀመሪያዎቹን ሦስትና ከበሮውን ወስዶ የቀሩትን ያለ ርኅራኄ ጣላቸው። ዜማው ያለው ስድስተኛው ላይ ነበር! የቀረልኝ አጃቢው ብቻ ስለሆነ፣ ሚዜዎቹ ተሰብስበው ሙሽራው የቀረበት ሠርግ ይመስል ነበር።

እንግዲህ በእጄ ጀመርሁ። ዜማውን ለአንደኛው ካሬ ሞገድ ሰጠሁት። ባሱን ሦስተኛው ላይ አዋልሁት፤ ምክንያቱም ካሬው ከ64 ኸርዝ በታች መውረድ ሲያቅተው ሦስተኛው እስከ 32 ይወርዳል። ኮርዱ ግን ሦስት ኖታ ሲሆን የቀረኝ መስመር አንድ ነው። ሦስቱን በየተራ እጅግ በፍጥነት እያፈራረቅሁ ጆሮን ማታለል ግድ ሆነ። «ይንቀጠቀጣል» ያላችሁኝ እርሱን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ጊዜው ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይታደሳል፤ የተጠቀምሁበት አጫዋች ፕሮግራምም የሚራመደው በዚሁ ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን የአንዱ ምት ሩብ 7.5 እርምጃ ያህል ይሆናል፤ ግማሽ እርምጃ ደግሞ የለም። 7 ብለው ዘፈኑ ወደ 128 ምት ሮጠ፤ 8 ብለው ወደ 112 ተጎተተ። በመጨረሻ አንዴ 7፣ አንዴ 8 እያደረግሁ አስታረቅሁት። ጥቂት ያነክሳል፤ አልክድም።

ይህን ጨርሼ ደስ ሲለኝ፣ በጨዋታው ውስጥ ያለው ልጅ በዘለለ ቁጥር ዜማው ይቆረጥ ጀመር። ለካ የዝላዩን ድምፅ ያስቀመጥሁት ከዜማው ጋር በአንድ መስመር ኖሯል። ወደ ኮርዱ መስመር አዛወርሁት፤ ኮርድ ለአፍታ ቢጠፋ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። አንድ ጓደኛዬ ፋይሉን ሙሉ ለሙሉ ትቼ ለአራቱ መስመር አዲስ ዜማ ብደርስ ይቀል እንደ ነበር ይከራከረኛል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ እኔ ግን ያንን ዜማ ነው የፈለግሁት።

አሁን በመጀመሪያ ፕሮግራሙ የቀየረውን፣ ቀጥሎ እኔ የሠራሁትን አሰማችኋለሁ። ድምፅ ማጉያው ደካማ ነውና ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ቀረብ በሉ።