«ድፍረት»፦ የብዙዎች ሸክም በአንድ ትከሻ
(በጂንካ ከተማ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ፊልም ሊናገር ሲነሣ «ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ የሙያችን ዋና ጥያቄ ሸክሙ በየትኛው ምሰሶ ላይ እንዳረፈ መመርመር ነው። ይኸው ጥያቄ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ዳኛና የአገር ሽማግሌ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ለሚሰለፉበት ፊልምም ይሠራል። ዛሬ የምንመረምረው በጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ነው።

ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ከተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ የተወሰደ ነው። የ14 ዓመቷ ሒሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ሊያገባት የፈለገው ሰውም ይደፍራታል። ልታመልጥ ስትል ጠመንጃ አንሥታ ትገድለዋለች፤ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች። ሜሮን ጌትነት የምትጫወታት ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ራስን የመከላከል መብትን ይዛ ትሟገትላታለች።

ከጥንካሬው ልጀምር። አንደኛው ከርእሱ ይነሣል። «ድፍረት» በቋንቋችን ጀግንነትም ነው፤ በሴት ላይ የሚፈጸም በደልም ነው። ፊልሙ ሁለቱን ትርጉሞች በአንዲት ልጅ ሕይወት ላይ ያገናኛቸዋል፤ ይህንንም ንግግር ሳያበዛ ያደርገዋል።

ሁለተኛውና የሚበልጠው የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በየተራ ይናገራሉ። ደራሲው አላሾፈባቸውም፤ አረመኔ አድርጎም አልሣላቸውም። ልጁ የሞተበት አባት ኀዘኑ እውነት ነው፤ የሒሩት አባት ጭንቀትም እውነት ነው፤ ደም እንዳይፋሰስ የሚጥሩት ሽማግሌዎችም ጥበብ አላቸው። ነገር ግን ስለ ልጅቷ ዕጣ ሲመከር የልጅቷ ድምፅ በዚያ የለም። ተመልካቹ ሸንጎውን እያከበረ ጉድለቱን ራሱ ያያል።

ይህ ትዕይንት በደቡብ ኦሞ ለምንኖር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሌስሊ ውድሄድ ከአንትሮፖሎጂ ሊቁ ከዴቪድ ተርተን ጋር ስለ ሙርሲዎች የሠራው ዘጋቢ ፊልም፣ ሙርሲዎች ከቦዲዎች ጋር በጦርነት ላይ ሳሉ አዛዥ አለቃ ሳይኖራቸው በአደባባይ ክርክር እንዴት ከውሳኔ እንደሚደርሱ ያሳያል። ተናጋሪው ተነሥቶ እየተመላለሰ ይናገራል፤ ሲጨርስ ሌላው ይተካዋል። ሸንጎ የራሱ ሥርዐት ያለው ተቋም መሆኑን ከዚያ ፊልም መረዳት ይቻላል። «ድፍረት»ም ሸንጎውን በዚህ ዓይን በማየቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ወደ ድክመቱ ስንሻገር ሚዛኑ ይዛባል። ለሽማግሌዎቹ የተሰጠው ክብር ለፖሊሶቹና ለረዳት ዐቃቤ ሕጉ አልተሰጠም። እነርሱ በአብዛኛው የተዘጋ በር ናቸው፤ ሚናቸው ጠበቃዋ እንድታንኳኳ መቆም ብቻ ይመስላል። መዝገቡ እንዴት እንደሚከፈት፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ አንድ ተራ ፖሊስ በተወለደበት መንደር ልማድና በለበሰው የደንብ ልብስ መካከል ምን እንደሚሰማው አናይም። ስለዚህ የፍትሕ ሸክም በሙሉ በአንዲት ጠበቃ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለጀግና ታሪክ ይህ ያመቻል፤ ለእውነታው ግን አይበቃም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማስረዳት የጃፓናዊውን የአኪራ ኩሮሳዋን የ1963 (እ.ኤ.አ.) ፊልም «ገነትና ሲኦል»ን እጠቅሳለሁ። እዚያ መርማሪዎቹ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ያገኙትን በየተራ ያቀርባሉ። የባቡር ሠራተኛ በስልክ ቅጂ ውስጥ የሰማውን የባቡር ድምፅ ለይቶ መሥመሩን ይናገራል። ወንጀለኛው የሚያዘው በብዙ ትንንሽ ሥራ ድምር ነው። ሆኖም ያው ፖሊስ ከባድ ቅጣት ለማስፈረድ ሲል ወንጀለኛውን ለጊዜው ሳይይዘው ይቆያል፤ በዚህም መካከል ሌላ ነፍስ ይጠፋል። ፖሊስን ከውስጥ ማሳየት ማሞገስ አለመሆኑን ኩሮሳዋ ያውቃል።

ሁለተኛው ድክመት የቋንቋ ነው። ጉዳዩ የተፈጸመበት አርሲ የኦሮምኛ አገር ሲሆን ፊልሙ የሚናገረው በአማርኛ ነው። ይህ ምርጫ ፊልሙ በመላ አገሪቱ እንዲሰማ ሳይረዳው አልቀረም፤ ግን አንድ ዐቢይ ሰው ከታሪኩ አውጥቶበታል፤ እርሱም አስተርጓሚው ነው። በዚህ በእኛ አካባቢ አንዲት ልጅ በሐመርኛ ወይም በአሪኛ የተናገረችው ቃል በአማርኛ ከመዝገብ እስኪሰፍር ድረስ በሌላ ሰው አፍ ያልፋል። «ወሰደኝ» እና «ጠለፈኝ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ሰው ዕድሜ ሊወስን ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከመጋረጃው ውጪ የታየ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ፣ ታሪኳ የተወሰደባት ሴት ባቀረበችው አቤቱታ ፊልሙ በፍርድ ቤት ታገደ፤ ኋላ እግዱ ተነሥቶ ታይቷል። ክርክሩን የመዳኘት ሥልጣን የለኝም። ይሁን እንጂ ሸንጎው ልጅቷን አላስጠራም ብሎ የሚወቅስ ፊልም የባለታሪኳን ፈቃድ በተመለከተ እጥፍ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መሐንዲሶችን ምን ያገባል? የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ሽሮ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ተለውጧል። የተለወጠ ሕግ ግን እንደ ተነደፈ ድልድይ ነው፤ ንድፉ ብቻውን ማንንም አያሻግርም። ከመንደሩ እስከ ችሎቱ ድረስ መንገድ፣ ስልክ፣ የጤና ጣቢያ፣ መዝጋቢ ፖሊስና ታማኝ አስተርጓሚ ያስፈልጉታል። ከነዚህ መካከል ጥቂቶቹ የእኛው ሥራ ናቸው።

«ድፍረት» አንዲት ልጅና አንዲት ጠበቃ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አሳይቶናል፤ ስለዚህም ደጋግመን ልናየው ይገባል። የሚቀረው ፊልም ፖሊሱም፣ ሽማግሌውም፣ አስተርጓሚውም፣ ሐኪሟም የየድርሻቸውን ሸክም ተሸክመው የሚታዩበት ነው። የደቡብ ኦሞ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ፊልም ለመሥራት ቢነሡ፣ ታሪኩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።