መጀመሪያ የሚጮኸው አውራ ዶሮ



በዚህ በዓል ስለ ጓሮ አውራ ዶሮ እንናገራለን ስንል አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁ እናውቃለን። ሳቁ፤ ከሳቃችሁ በኋላ ግን አድምጡን።

በአገራችን ሌሊቱን በዶሮ ጩኸት መለየት የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጮኸው ዶሮ ሰዓቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቅ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጃፓን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው ከሚኖሩ አውራ ዶሮዎች መካከል ጎሕ ሲቀድ መጀመሪያ የሚጮኸው የሁሉ አለቃ የሆነው ነው። ሌሎቹ በየማዕረጋቸው ይከተሉታል። እርሱ ቢዘገይ እነርሱም ይዘገያሉ። አለቃውን ከመካከላቸው ባወጡት ጊዜ ግን ሁለተኛው ቀድሞ ጮኸ። ለካስ ሁለተኛውም ሰዓቱን ያውቅ ኖሯል፤ ዝም ያለው ተራው ስላልደረሰ ነው!

ማዕረጉ የሚገኘው በጠብ ነው። የማይተዋወቁ ሁለት አውራዎች ሲገናኙ ይፋለማሉ፤ የተሸነፈው ከዚያ ወዲያ አሸናፊውን ሲያይ ገለል ይላል፤ ጠቡም በዚሁ ይበርዳል። ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የጠበቀ ሥርዓት እንዳላቸው የገለጸው ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤቤ ነው፤ ዶሮ መመልከት የጀመረው ገና በልጅነቱ ሲሆን፣ ጥናቱን ያሳተመው በ1922 ነበር።

እንግዲህ ለፋሲካ የተገዛውን አውራ እግሩን አስረን ከቤቱ አውራ አጠገብ ስናስቀምጥ ምን እንደምናደርግ እናስተውል። የታሰረው ቢሸነፍ እንኳ ገለል ለማለት አይችልም፤ ስለዚህ መነቆሩ አያባራም። ለሁለት ቀን ለየብቻ ማሳደር ምን ያስቸግራል?

የበታቹ አውራ ግን ሞኝ አይደለም። አውራ ዶሮ ጥሬ ሲያገኝ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ በድምፅም እየጠራ ሴቶቹን ይጋብዛል። አለቃው ይህን ጥሪ ከበታቹ አፍ ቢሰማ ሮጦ መጥቶ ይመታዋል። በአውስትራሊያ ተጠንቶ በ2011 የታተመ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ የበታቹ አለቃው በቅርብ ሳለ ብዙ ጊዜ ድምፁን ውጦ ራሱን ብቻ ያወዛውዛል። ሴቶቹ ዶሮዎች ግን ምልክቱን በዓይናቸው አይተው ይመጣሉ፤ አለቃውም ምንም አልሰማ።