የሾላው የመሳያ ድንጋይ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ስሕተቴ ነው። ሾላ ገበያ ውስጥ ቢላዋ የሚስሉ አንድ አባት አሉ። ድንጋያቸው በእግር እየተረገጠ የሚዞር ነው። የእናቴን ቢላዋ ይዤ ብሄድ «ልጄ፥ ድንጋዩ እግሬን ገደለው፤ መርገጡን ከተውኩ ወዲያው ይቆማል» አሉኝ። እኔም የፊዚክስ ተማሪ ነኝና ሳልመረምር «አባባ፥ ድንጋዩ ከብዶ ነው፤ ቀለል ያለ ይግዙ» አልኋቸው። አምነውኝ ዋጋ ሊጠይቁ ተነሡ።

ማታ በወረቀት ሳሰላው አፈርኩ። ክብደቱ ዘንጉን ስለሚጫን ሰበቃውን ይጨምራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ አንዴ ከዞረ በኋላ መዞሩን እንዳይተው የሚያደርገውም ያው ክብደቱ ነው። ሁለቱ እኩል ስለሚያድጉ ከስሌቱ ይጠፋፋሉ! የሰበቃውን ኮፊሸንት ለማግኘት፥ ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚቀንስበትን መጠን በራዲያን ለክቶ በድንጋዩ ራዲየስ ስኩዌር ማባዛት፤ ከዚያም ለስበት፥ ለዘንጉ ራዲየስና ለሁለት ብዜት ማካፈል ነው። ሚዛን አያሻም።

በማግሥቱ ሰዓትና ጠመኔ ይዤ ሄድኩ። የድንጋዩ ራዲየስ 30 ሴንቲ ሜትር፥ የዘንጉ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠርዙ ላይ ምልክት አደረግሁ። አባባ በሰከንድ ሁለት ዙር እስኪደርስ ረገጡትና እግራቸውን አነሡ። በ20 ሰከንድ፥ 20 ዙር ዞሮ ቆመ፤ በመጀመሪያው 10 ሰከንድ 15፥ በኋለኛው 5። ይህ ሦስት ለአንድ ፈረንሳዊው ኩሎምብ በ1785 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሕግ ጋር ይስማማል፤ የደረቅ ሰበቃ ፍጥነት ቢለዋወጥም አይለወጥም። ኮፊሸንቱ 0.14 ሆነ። ጥፋቱ የዘንጉ እንጂ የድንጋዩ አልነበረም።

ከጎረቤት መኪና ጠጋኝ ጥቂት የሞተር ዘይት ለምነን ዘንጉ ላይ ጠብ አደረግን። አሁን በዚያው ፍጥነት ተነሥቶ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዞረ። እኔ ደስ ብሎኝ 0.05 ብዬ ልጽፍ ስል ቆጠራው ከለከለኝ። ሰበቃው እንደ ትናንቱ ቢሆን 60 ዙር፥ ይኸውም 45ና 15 መሆን ነበረበት። የቆጠርኩት ግን 48 ነው፤ 39ና 9። ዘይት በፍጥነት ሲገፉት አብዝቶ ይቃወማል፤ ሩሲያዊው ፔትሮቭ በ1883 እ.ኤ.አ. በስሌት ያስረዳው ይህንኑ ነው። እንግዲህ 0.05 አማካይ ብቻ ነው፤ ለዚህ ዘንግ በየፍጥነቱ የሚያገለግል አንድ ቁጥር የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ እኔ የምመዘግበው የቆመበትን ሰዓት ብቻ ስለ ነበረ፥ ይህ ነገር በዐይኔ ሥር ስንት ጊዜ አልፎ ይሆን?

አባባ ስለ 48ቱ ዙር ግድ የላቸውም። «እንግዲያው ድንጋዩ አይከብድም?» አሉኝ።

«ይከብዳል፥ አባባ። ለማስነሣት ይከብዳል፤ የሚያቆመው ግን እሱ አይደለም።»

የቢላዋውን ዋጋ አልቀበልም አሉ።