ብሮሹር ከመታተሙ በፊት
ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የተሰበሰብነው አነስተኛ የግል ሥራ የጀመራችሁ ወይም ለመጀመር ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ሥራችሁን የምታስተዋውቁበትን ብሮሹር እንዴት እንደምታዘጋጁ ለመነጋገር ነው። ብሮሹር ስንል ታጥፎ የሚከፈት፣ ስለ ሥራችን ለደንበኛ የሚያስረዳ የታተመ ወረቀት ማለታችን ነው።

«አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ሳለን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን አካባቢው ሁሉ ያውቃቸው ነበር። የእጃቸው ሥራ ይመሰክርላቸው ነበር። እዚህ ግን በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ጎረቤታሞች እንኳ አንዳችን የአንዳችንን ሙያ አናውቅም። ዕብራይስጡ ገና ያልጠናልን ሰዎች ደግሞ በር አንኳኩተን «ይህን ሥራ እችላለሁ» ለማለት አፋችን ይያዛል። በሚገባ የተዘጋጀ ወረቀት በዚያን ጊዜ ስለ እኛ ይናገርልናል። በጥድፊያ የተሠራ ከሆነ ግን በሌለንበት ያማናል። የከፈልንበትም ገንዘብ ለኪራይና ለልጆች የምንፈልገው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለማን እንደምትጽፉና ያ ሰው አንብቦ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ወስኑ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ።

አንደኛ፤ ለማን ነው የምንጽፈው?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት ልብስ ሰፊ እናት እናስብ። ለወገኖቻችን ለሠርግና ለሲግድ በዓል የሚለበስ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ትሰፋለች። ለሌሎች ጎረቤቶቿ ደግሞ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ መጋረጃ ትሰፋለች። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አላት ማለት ነው። ቀሚስ የምታሰፋው እናት ማወቅ የምትፈልገው ስለ ጥልፉ፣ ስለ ልኬቱና ለበዓሉ ስለ መድረሱ ነው። ሱሪ የሚያሳጥረው ጎረቤት ግን «ስንት ነው? መቼ ልውሰድ?» ብቻ ነው የሚለው። የአማርኛውን ጽሑፍ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ብታስተረጉመው ለጎረቤቷ የማይፈልገውን ነገር ታነብለታለች። ለእያንዳንዱ የሚፈልገውን ለይታ ብትጽፍ ይሻላል።

ከዚያም በእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ጥሪ ይኑር። ለምሳሌ በዕብራይስጡ «ልብሱን ይዘው ይምጡ»፣ በአማርኛው «ለልኬት ደውለው ቀን ይያዙ» የሚል። አምስት ነገር የሚጠይቅ ወረቀት አንዱንም አያስፈጽምም።

ሁለተኛ፤ ወረቀቱ ከየት ይከፈታል?

ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ ታውቃላችሁ። ይህ ልዩነት ለሁለት ቋንቋ ብሮሹር ጥሩ መፍትሔ ይሰጠናል። ኤ 4 የሚባለውን የተለመደ ወረቀት፣ ማለትም 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ረጅሙን ጎን ከመካከል አንድ ጊዜ እጠፉት። አራት ገጽ ይወጣዋል። እጥፋቱን በስተቀኝ አድርጋችሁ ስትይዙት ፊት ለፊት የምታዩት የዕብራይስጡ ሽፋን ይሁን። ገልብጣችሁ እጥፋቱ በስተግራ ሲሆን የምታዩት የአማርኛው ሽፋን ይሁን። ስትከፍቱት የቀኙ ገጽ ዕብራይስጥ፣ የግራው ገጽ አማርኛ ይሆናል። ሁለቱም አንባቢዎች እንደ ቋንቋቸው ልማድ ይከፍቱታል፤ አማርኛውም በጀርባ የተጣለ ትርጉም አይመስልም። እቤታችሁ ባዶ ወረቀት አጥፋችሁ በእርሳስ ሞክሩት።

ወረቀቱን ለሦስት ማጠፍ የምትፈልጉ ደግሞ ስድስት ገጽ ታገኛላችሁ። ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ክፍል ከሌሎቹ ጥቂት ማጠር አለበት፤ 100፣ 100 እና 97 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይከፈላል። እኩል ከተከፈለ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። በዕብራይስጥ ብቻ ከሆነ ሽፋኑ ከቀኝ የሚከፈት መሆኑን ለሠሪው አሳስቡት።

ሦስተኛ፤ ምን እንጽፋለን? ምን አንጽፍም?

በሽፋኑ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ከተማ እንደሚሠራ፣ አንድም ጥሩ ፎቶግራፍ ይበቃል። በውስጥ የሥራው ዓይነት፣ የሚፈጀው ቀን፣ የሥራ ሰዓት፣ አድራሻና ስልክ ይኑር። ዓርብ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትሠሩና በሰንበት ዝግ መሆኑን ጻፉ። ስልኩ በሁለቱም ቋንቋ በኩል ይታተም። የአማርኛው ፊደል ከ11 ወይም ከ12 ነጥብ አይነስ፤ አረጋውያን ያነቡታልና።

«ከሁሉ የበለጥን» ማለት አያስፈልግም። «ሱሪ በሁለት ቀን እናደርሳለን» የሚለው የበለጠ ይታመናል፤ በእርግጥ የምታደርሱ ከሆነ ማለት ነው። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ደንበኛን ማሳሳት ይከለክላል። ለሸማች የሚነገረው ዋጋም ጠቅላላው፣ ማዓም የተጨመረበት መሆን አለበት። ማዓም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። ኦሴክ ፓቱር የሆነ ሰው ከደንበኛ ማዓም አይሰበስብም። ዋጋ ቶሎ ስለሚለወጥ በትንሽ ወረቀት ለብቻው አትማችሁ በውስጡ ብታስገቡት ብሮሹሩ አያረጅባችሁም።

በምግብ ሥራ የተሰማራችሁ በተለይ ልብ በሉ። በ1983 በወጣው የካሽሩት ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ መሠረት፣ የካሽሩት ምስክር ወረቀት ሳይኖር ምግብ ቤቱን ኮሸር ብሎ በጽሑፍ ማቅረብ ክልክል ነው። «እኛ እኮ ሕጉን ጠብቀን የኖርን ነን» ብንል ልክ ነው፤ ግን የታተመ ቃል ማስረጃ ይጠየቅበታል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ይሆናል።

አራተኛ፤ ማተሚያ ቤት ስንሄድ

የፎቶግራፉን ነገር አስቀድሙ። በዋትሳፕ እንደ ተራ ሥዕል የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በስልክ ላይ ያማረው ሲታተም ይደበዝዛል። ዋናውን ፎቶ እንደ ሰነድ አድርጋችሁ ላኩ። ለሕትመት የተለመደው ጥራት በኢንች 300 ነጥብ ነው። የሌላ ሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታትሙ።

ዋጋ ስትጠይቁ የ200፣ የ500 እና የ1,000 ቅጂ ዋጋ ለየብቻ ጠይቁ። በኦፍሴት ሕትመት መጀመሪያ ለሰሌዳው ዝግጅት ስለሚከፈል ቅጂው ሲበዛ ያንዱ ዋጋ ይረክሳል። ለጥቂት ቅጂ ዲጂታል ሕትመት ይመረጣል። የአንዱ ዋጋ ረከሰ ብላችሁ ግን የማትበትኑትን አታትሙ፤ በሣጥን ውስጥ የሚቀር ወረቀት ርካሽ አይደለም። የወረቀቱን ውፍረትም ጠይቁ። የቢሮ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 80 ግራም ነው፤ ለብሮሹር ከ130 እስከ 170 ግራም ያለው ይስማማል። ማጠፊያው በዋጋው ውስጥ መኖሩንም አረጋግጡ።

ከመታተሙ በፊት ሃጋሃ፣ ማለትም የማረሚያ ቅጂ ይሰጣችኋል። ያኔ አትቸኩሉ። ዕብራይስጡን እዚህ አገር ተምሮ ያደገ ሰው፣ አማርኛውን ደግሞ ፊደል የሚያውቅ አዋቂ ያንብብ። በአንዳንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ዕብራይስጡ ተገልብጦ፣ አማርኛው ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ፊደሉ የተካተተበት ፒ.ዲ.ኤፍ. አሠርታችሁ በወረቀት ላይ እዩት። በማረሚያው ላይ ያለውን ስልክ ራሳችሁ ደውሉት፤ የእናንተው ስልክ ካልጠራ አትፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላ የተገኘ ስሕተት ወጪው የእናንተ ሊሆን ይችላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፤ መቼና የት እንበትነው?

ልብስ ሰፊዋ ብሮሹሯን በሲግድ ሳምንት ብትበትን አልፎባታል። ሲግድ በዕብራይስጥ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ቀን ነው፤ ከዮም ኪፑር ጀምሮ ሲቆጠር 50ኛው ቀን ማለት ነው። ቀሚስ ለመስፋት የሚበቃ ጊዜ እንዲኖር ወረቀቱ ከሮሽ ሃሻና በፊት በእናቶች እጅ ቢገባ ይሻላል። የሱሪው ደንበኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። በማትናስ፣ በኡልፓን፣ በአካባቢ ሱቆች አስፈቅዳችሁ አስቀምጡ። ማስታወቂያ አንፈልግም የሚል በተለጠፈበት የፖስታ ሣጥን ግን አታስገቡ።

ደንበኛ ሲመጣ «ብሮሹሩን ከየት አገኙት?» ብላችሁ ጠይቁና በደብተር መዝግቡ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩ የትኛው ቦታ እንደሠራ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን ሕትመት በዚያ መሠረት ታስተካክላላችሁ።

ወገኖቼ፣ እጃችን ላይ ሙያ አለ። ሙያው እንዲታወቅ ደግሞ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ባዶ ወረቀት አጥፋችሁ፣ እርሳስ ይዛችሁ ወደ ማኅበራችን ኑ፤ ከመፈረማችሁ በፊት አብረን እናነበዋለን።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።