ከመጀመሪያው ክኒን በፊት

በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ ያሉትን ታላላቅ ድንጋዮች ያነሡ ሐርላዎች ግዙፍ ሰዎች ነበሩ ሲባል ለዘመናት ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሐርላ ቁፋሮ ግን አጽሞቹ በቁመት ከእኛ እንደማይለዩ አሳየ። መቆፈር ግምትን አረመ። በሕክምናም እንዲሁ መሆን አለበት እላለሁ፤ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የተጠረጠረበት ሰው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የባክቴሪያው ጂን ይመርመር።

ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያው መኖሩን እንጂ ዋናው የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ይግደለው አይግደለው አያሳይም። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ የሚያሳድገው ካልቸር ያሳያል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው አንዴ ለመባዛት አንድ ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ከሆነ በእነዚያ ሳምንታት ታማሚው የማያድነውን ክኒን እየዋጠ ይስላል፤ ልጆቹም አብረውት ያድራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. የደገፈው ጂን ኤክስፐርት የተባለ የጂን መመርመሪያ መሣሪያ ይህን ጊዜ ወደ 2 ሰዓት ያህል አወረደው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በአክታው ላይ እጥፍ ፈሳሽ ጨምራ ትነቀንቃለች፤ 15 ደቂቃ ካቆየችው በኋላ 2 ሚሊ ሊትር ቀድታ ካርትሪጅ በተባለው የመሣሪያው መያዣ ውስጥ ትጨምራለች። መሣሪያው አር.ፒ.ኦ.ቢ. ከተባለው ጂን አንዲት አጭር ቁራጭ አባዝቶ ያነባል። ሪፋምፒሲንን ከተላመዱት ባክቴሪያዎች ከ100 95 ያህሉ ለውጣቸውን የተሸከሙት እዚያች ቁራጭ ላይ ነው።

ውድ ነው ለሚሉ፣ እውነት ነው፣ ከመስታወት ስላይድ ይወደዳል። ሆኖም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ሳይታወቅ በቆየ ቁጥርም ለሌሎች ይተላለፋል፤ ካርትሪጁ ከዚህ ወጪ ጋር አይወዳደርም። ይልቅ የሚከብደኝ የሙቀቱ ነገር ነው። ካርትሪጁ ከ28 ዲግሪ በላይ አይቀመጥም፤ መሣሪያውም ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል እንዲሠራ አልተሠራም። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ይህን በቀላሉ ታልፋለች። መብራት መሃል ላይ ከጠፋም ካርትሪጁ ከነናሙናው ይባክናል። ይህ ግን የክፍሉ ችግር እንጂ የምርመራው ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ የሞተውንም ባክቴሪያ ስለሚቆጥር ታማሚው እየዳነ መሆኑን መከታተያ አይሆንም። ስለዚህ ማይክሮስኮፕና ካልቸር ከላቦራቶሪው አይውጡ።

የድሬዳዋን የጤና ኃላፊዎች የምጠይቀው ይህን ነው። መሣሪያው ያለበት ክፍል ሁሉ ማቀዝቀዣና መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው፤ ከሐርላ የሚላክ አክታ በበረዶ ሣጥን ሆኖ በዕለቱ ይድረስ፤ ሐኪሙም የታማሚው ሕይወት በአስጊ ሁኔታ ላይ ካልሆነ በቀር ውጤቱን ሳያይ የመጀመሪያውን ክኒን አይዘዝ።