የማመሳከሪያው ዱቄት
(በመሪ በተካሄደው የተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)

ያንን የሲኤምሲ መንገድ ችላችሁ መሪ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ ሕክምና እንድናገር ጋብዛችሁኝ ስለ ሲሊከን ዱቄት ላወራ ነው፤ ታገሡኝ።

ሁላችንም ለልጆች ሜቤንዳዞል አዘናል። ይህ የወስፋት መድኃኒት ሦስት ዓይነት ክሪስታል አለው፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ። ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው አደራደሩ ነው። ለሕክምና የሚፈለገው ሲ ነው። ኤ በደንብ ስለማይሟሟ ትሉን እምብዛም አይነካውም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የተለመደው የኬሚካል ምርመራ ክኒኑ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ይነግረናል፤ የትኛው ክሪስታል እንደሆነ ግን አይነግረንም። ወረቀቱ «አልፏል» ይላል፣ ልጁ ከነትሉ ትምህርት ቤት ይመለሳል። እኛ ደግሞ ትሉ መድኃኒቱን ለመደ እንላለን።

ልዩነቱን ከሚያሳዩት መሣሪያዎች አንዱ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ነው፤ በአገራችን አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ጨረሩ ዱቄቱ ላይ ሲያርፍ በተወሰኑ ማዕዘኖች ጎልቶ ይመለሳል፤ የማዕዘኖቹ ዝርዝር የክሪስታሉ አሻራ ነው። ናሙናው ከቦታው በሚሊሜትር ሽራፊ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግን አሻራው ይንሸራተታል። ስለዚህ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ዱቄት ያስፈልጋል።

ኒስት የተባለው የአሜሪካ የልኬት ተቋም ይህን ዱቄት የሚያዘጋጅበት መንገድ ደስ ይለኛል። እጅግ ንጹሕ የሲሊከን ክሪስታል ይሰበርና በጋዝ ግፊት እየተላተመ ጥቂት ማይክሮሜትር እስኪሆን ይደቅቃል። መድቀቁ ክሪስታሉ ውስጥ ውጥረት ይተዋል፤ ያንን ለማላላት አርጎን ውስጥ በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁታል፣ ሲታሸግም በአርጎን ነው። ከዚያ የአቶሞቹ ድርድር ስፋት ይለካል፤ ወደ 0.5431 ናኖሜትር ነው። በመዳብ ጨረር የመጀመሪያው መስመር 28.44 ዲግሪ ላይ ካልወጣ መስተካከል ያለበት የእኛው መሣሪያ ወይም የናሙናው አቀማመጥ ነው። የመድኃኒት መስመሮች ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ስለሚወጡ ለዝቅተኛ ማዕዘን ከሚካ የተሠራ ሌላ ዱቄት አለ፤ እሱም አይቀርም።

ማኅበራችን ለላቦራቶሪ መሣሪያ መዋጮ ሲያሰባስብ አያለሁ፣ ጥሩ ነው። ሪባን የሚቆረጠው ግን ለማሽኑ ነው፤ ለጥቂት ግራም ዱቄት ማን ያጨበጭባል? ዘንድሮ በጀታችን ላይ የማመሳከሪያ ዱቄት፣ የኮንትሮል ሴረምና የካሊብሬሽን ወጪ የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ወረቀቱ ሻይ ጠረጴዛው አጠገብ ነው፤ ሳትፈርሙ እንዳትሄዱ።