ብሩ ከማን ኪስ ወጣ?

(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ውሳኔ የሚጠብቅ አንድ ሐሳብ ከፊታችን አለ። ከቁጠባችን ተወስዶ ድንኳን፣ ፍራሽና የካምፕ ምድጃ ይገዛ፤ ቱሪስት ሲመለስ ተዘጋጅተን እንጠብቀው የሚል ነው። ሐሳቡ ከሥራ ወዳድ አባላት የመጣ ስለሆነ በቁም ነገር አይተነዋል።

መዝገባችን ገቢን በሥራ ዓይነት ይለያል፤ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ስፌት፣ የሱፍ ሥራ፣ ልብስ አጠባ። ሲያዩት አምስት ሥራ ነው። ዘንድሮ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘን አነበብነው፤ ይህ ብር ከማን ኪስ ወጣ? ያን ጊዜ አምስቱ አንድ ሆኑ። ዳቦውንና እንቁላሉን የገዛው ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ ምግብ አብሳይ ነው። ስፌቱንና ሱፉን የገዛው እንግዳው ራሱ ነው። የታጠበውም አንሶላ እንግዳው ያደረበት ሆቴል ነው። ሁሉም የሚጀምረው አንድ ሰው ደባርቅ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ አስጎብኚ፣ ስካውትና በቅሎ ሲይዝ ነው። እሱ ሲቀር አምስቱም አብረው ቀሩ።

መቅረቱን ሁላችንም አይተናል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጣ፤ የሆነውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ተስፋ ባደረግን በዘጠኝ ወሩ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፓርኩ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቶ ነበር። ማለትም ዕቃው ተሻሽሎ ሳለ ነው ገበያው የጠፋው። ስፌታችንን ምንም ብናሳምረው ጉዞውን የሰረዘውን ሰው አያመጣልንም።

ሥልጠና ላይ ስለ ገበያ ለውጥ ሲነሣ ኮዳክ የሚባል የፎቶ ኩባንያ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። የእኛ ምሳሌ ከደጃችን ነው። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚሄደው የነጋዴ መንገድ በሊማሊሞ ይወርድ ነበር፤ ጭነቱም በበቅሎና በአህያ ነበር። ጣሊያን የመኪና መንገድ ሲያወጣ ያ ሥራ እየከሰመ ሄደ። በኋላ በቅሎው የቱሪስት ድንኳን ጫነ። የመጫን ሙያው ያው ነው፤ የተለወጠው ባለጭነቱ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ሙያውን እንያዝ፣ ድንኳኑን ግን አንግዛ ነው። ድንኳን አንዴ ከተገዛ እንግዳ መጣም አልመጣም ያረጃል፤ አይጥም ይበላዋል። ልጇ የታመመባት አባል ብትመጣ ድንኳን አናበድራትም። እንግዳ ሲመጣ ተከራይተን እንሥራ፤ ትርፉ እንደሚያንስ እናውቃለን። የምግብ ዝግጅት ሥልጠናው ግን በየዓመቱ ይቀጥል፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሙያው ከጠፋ ደግሞ በአንድ ሳምንት አይመለስም።

ገንዘቡስ የት ይግባ? ደባርቅ በ2010 ዓ.ም. ገደማ የዞን ከተማ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፈተባት። መንገድ ቢዘጋም የከተማው ሰው ሽሮና በርበሬ ይፈልጋል። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል፤ ደመወዝተኛ በዱቤ ይገዛል፣ ተማሪም ለክረምት አገሩ ይገባል። ዱቤ ከአንድ ወር አይለፍ ብለናል፤ ጎረቤትን እምቢ ማለት እንደሚከብድ ጠፍቶን አይደለም። የዳባት እህቶቻችን ነገር ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ነው። በተነቀለ ሰሞን ሁሉም ስለሚያወጣው ይረክሳል፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያለባት ግን ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ አትችልም። ለሦስት ወር የሚያቆያት ብድር ከተዘዋዋሪ ገንዘቡ ቢሰጣት ሽንኩርቷን አድርቃ ታቆየዋለች።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለን። በጀቱ «ለስፌት ሥልጠና» ተብሎ ታስሮ ሲመጣ፣ ገዢ በጠፋበት ዓመትም ስፌት ማሠልጠን ግዴታችን ይሆናል። ሪፖርቱ ይሞላል፣ ስፌቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የተወሰነውን ጉባኤው ወስኖ እንዲያዛውረው ብትፈቅዱልን፣ ምክንያቱን ከነደረሰኙ እናቀርባለን።

ድንኳን ይገዛ የምትሉ እህቶች ምክንያታችሁን አስረዱን። የመግዣው ዋጋና የአንድ ቀን ኪራዩ ጎን ለጎን የተጻፈበት ወረቀት በየቡድኑ ሰብሳቢ እጅ አለ። ማንበብ ለምትቸገሩ፣ እጅ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ብለን እናነበዋለን።